ሞካ፦ ቡናውን ጥሩ አድርጎ ማፍላት፣ ልኩንም ማወቅ



የዛሬውን ጽሑፍ ያጻፈችኝ አንዲት ታካሚ ናት። ታሪኳን ለእናንተ ለማካፈል ፈቃዷን ጠይቄያታለሁ፤ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር ግን አልጽፍም። ነፍሰ ጡር ናት፣ አምስተኛ ወሯ ነው። እዚሁ ቀዳማይ ወያነ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የመጣችው "ልቤ ይመታል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ደግሞ ይደክመኛል" ብላ ነው። ቡና ትጠጫለሽ ወይ ስላት "ኧረ ዶክተር፣ ቡናውን እንኳን ትቼዋለሁ" አለችኝ።

ነገሩ ሲጣራ የተወችው ጀበናውን ነው። የከሰሉ ጭስ ስላቅለሸለሻት፣ እህቷ ከውጭ የላከችላትን "ትንሿን የጣሊያን ጀበና" በኤሌክትሪክ ምድጃ እየጣደች ጠዋት አንድ፣ ማታ ከሥራ ስትመለስ አንድ ትጠጣለች። "ትንሽዬ ናት እኮ፣ አንድ ኩባያ እንኳን አትሞላም" አለችና ስልኳን አውጥታ ፎቶዋን አሳየችኝ። ባለ 3 ስኒ ሞካ ናት።

ብዙዎቻችሁም በውስጥ መስመር ስለዚች ዕቃ ስትጠይቁኝ ነበር። ከታች ውሃ፣ ከመሃል የተፈጨ ቡና፣ ከላይ ደግሞ የፈላው ቡና የሚጠራቀምባት፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት ጎን ያላት የአሉሚኒየም ቡና ማፍያ። በፈረንጆቹ 1933 በጣሊያን አልፎንሶ ቢያሌቲ የተባለ ሰው ለገበያ ያቀረባት ናት። ስሟን የወሰደችው ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ለረጅም ዘመን የቡና ንግድ ማዕከል ከነበረችው የየመኗ የሞካ ወደብ ነው።

እኔም ቤቴ ውስጥ አለችኝ። ተማሪ ሆኜ ሌሊት ለማጥናት ብዬ ነው የገዛኋት፤ ዛሬም ከአዳር ሥራ ስወጣ የምጥደው እሷን ነው። ስለዚህ "ተዉ፣ አትጠጡ" ልላችሁ አልመጣሁም። እንደዚያ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሚሰማ ግን የለም። ልነግራችሁ የፈለግኩት እንዴት ጥሩ ቡና እንደሚወጣትና በዚያች ትንሽ ሆዷ ውስጥ ስንት እንደምትይዝ ነው።

ስኒ ሲሉ የማንን ስኒ ነው?

ሞካዋ ላይ "ባለ 3 ስኒ" የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። እነሱ የሚቆጥሩት በጣሊያኑ የኤስፕሬሶ ስኒ ነው፤ አንዷ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ነው የምትይዘው። ሦስቱ ተደምረው በእኛ ስኒ ሁለት ያህል ቢሆኑ ነው። ታካሚዬ "ኩባያ አትሞላም" ያለችው እውነቷን ነው።

ውሃው ትንሽ ይሁን እንጂ ቡናው ትንሽ አይደለም። የባለ 3 ስኒዋ ወንፊት ከ15 እስከ 18 ግራም የተፈጨ ቡና ይይዛል። የእኛ ቡና አረቢካ ነው፤ የአረቢካ ፍሬ ከክብደቱ 1 ከመቶ ትንሽ ከፍ የሚለው ካፌይን ነው። 16 ግራም ቡና ውስጥ እንግዲህ ወደ 190 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ ማለት ነው። ሁሉም ተጠርጎ ባይወጣ እንኳን ከ150 በላይ የሚሆነው ኩባያችሁ ውስጥ ይገባል። ባለ 6 ስኒ የምትባለው ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ነው።

አሁን ከጀበናው ጋር አስተያዩት። ጀበና ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንላለን፤ እዚህ መቐለ ደግሞ አወል፣ ካልኣይ፣ በረካ ይባላል። ሦስቴ ተጠጣ ይባል እንጂ ቡናው ያው አንዱ ነው፣ ውሃ ነው የሚጨመርበት። ያም ቢሆን ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱ፣ ድንገት ለገባው እንግዳ ሁሉ ይካፈላል። ጀበና ብቻውን የሚጠጣ ሰው እምብዛም የለም። ሞካ ግን የላጤ ዕቃ ናት። ማንም አይጠራም፣ ዕጣን አይጨስም፣ በአምስት ደቂቃ ፈልታ አንድ ሰው ሙሉዋን ይገለብጣታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ምን ያህል ነው ታዲያ ልኩ? የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ቢወስድ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሏል። ለነፍሰ ጡር የተቀመጠው ግን የቀኑ በሙሉ ተደምሮ 200 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ300 በላይ የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል፤ ምክንያቱ ብዙ ካፌይን ከፅንስ መጨናገፍና ክብደቱ ካነሰ ልጅ መውለድ ጋር ተያይዞ ስለተገኘ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ባለ 3 ስኒ ሞካ ሙሉውን ስትጠጣ የቀኗን ድርሻ ከሞላ ጎደል ጨረሰች ማለት ነው። ታካሚዬ ሁለት ነበር የምትጠጣው።

ሌላም ነገር አለ። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለ ካፌይን በግማሽ የሚቀንሰው በአማካይ በ5 ሰዓት ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ግን ይህ እስከ 15 ሰዓት ይደርሳል። የጠዋቱ ሳይወጣ የማታው ይደረብበታል። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምትወስዱም ካፌይኑ ከሌላው ሰው በእጥፍ ያህል ይቆይባችኋል፤ ይህን የምታውቅ ሴት ብዙ አላጋጠመችኝም።

ወተት ጨምሬ ማኪያቶ አድርጌዋለሁ የምትሉ አላችሁ። ወተቱ ጣዕሙን ያለሰልሳል፣ ካፌይኑን ግን አይቀንስም። ውሃ ማብዛትም እንደዚያው ነው። የሚቀንሰው ማካፈል ብቻ ነው፣ ወይም ትንሿን ባለ 1 ስኒ መግዛት። "ባለ 3 ስኒዋን ግማሽ ቡና ባደርግባትስ?" ትሉኝ ይሆናል። አይሆንም፣ ወንፊቷ ሳይሞላ ውሃው በክፍተቱ ሾልኮ ያልፍና የሚወጣው ነገር ቡናም ሻይም አይሆንም።

አሁን እናፍላ

መጀመሪያ ቡናው። ቤት የምንቆላው ቡና ብዙ ጊዜ ጠቁሮ ዘይቱ ፊቱ ላይ እስኪያብረቀርቅ ነው። ለጀበና ሊስማማ ይችላል፤ ለሞካ ግን ይመራል። ቡናማ ሆኖ ሳይጠቁር ብታወጡት የጣዕሙ ልዩነት ይገርማችኋል። ጠቁሮ የተቆላው "ከባድ ነው፣ ካፌይኑ ይበዛል" የሚባለው እውነት አይደለም፤ በመቆላት ካፌይኑ ብዙም አይለወጥም።

አፈጫጨቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ ዝም ካላችሁ እንደ ዱቄት አልሞ ይሰጣችኋል። ለሞካ የሚሆነው ደቃቅ የገበታ ጨው የሚያህል፣ በጣት ስታሹት እንደ አሸዋ የሚሰማ ነው። ከላመ ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ ቡናው ከታች ግፊት ይዞ ይቀራል። ሙቀጫ ላይ የምትወቅጡም ካላችሁ፣ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ሸርከት ስለሚሆን አንድ ጊዜ በወንፊት ንፉትና የላመውን ለጀበና አስቀምጡት።

ውሃውን ከታችኛው ክፍል ጎን ካለችው ትንሽ የነሐስ መተንፈሻ በታች ድረስ ብቻ ሙሉ። ከዚያ በላይ አይለፍ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ውሃውን ቀድማችሁ ብታሞቁት ጥሩ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከተጣደች ቡናው የጋለ ብረት ላይ ረጅም ጊዜ ይቆይና የተቃጠለ ጣዕም ያመጣል። ሙቅ ውሃ ካደረጋችሁ ግን ስትገጥሟት የታችኛውን በፎጣ ያዙ፣ ይፈጃል።

ቡናውን በወንፊቱ ልክ ሙሉና በማንኪያ ጀርባ ወይም በጣት ደልድሉት። አትጫኑት! ካፌ ውስጥ ባሪስታው ሲጠቀጥቅ አይታችሁ እንደዚያ የምታደርጉ አላችሁ። የካፌው ማሽን ወደ 9 ባር በሚጠጋ ግፊት ነው የሚሠራው፤ የሞካ ግፊት 1.5 ባር ገደማ ነው። የተጠቀጠቀ ቡና ውስጥ ማለፍ አትችልም። በዚሁ ምክንያት ከሞካ እውነተኛ ኤስፕሬሶ አይወጣም፤ የራሷ የሆነ ጠንካራ ቡና ነው የሚወጣው።

ጠርዙ ላይ የወደቀውን ቡና ጥረጉ፣ አጥብቃችሁ ግጠሙ፣ በመካከለኛ እሳት ጣዷት። ምድጃችሁ ኢንዳክሽን ከሆነ አሉሚኒየሟን አያሞቅም፤ ለሱ የስቴይንለስ ስቲሏ ናት የምትሆነው። ክዳኗን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ከታች ያለው እንፋሎትና አየር ሲሞቅ ይለጠጥና ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቡናው እንደ ማር እየቀጠነ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቀለሙ ወደ ነጣ ያለ ቢጫ ሲለወጥና መንተክተክ ስትጀምር አውርዷት። ብዙ ሰው እስክትጮህ ይጠብቃል። ያ ጩኸት ውሃው አልቆ እንፋሎቱ ደረቁን ቡና እየላጠው መሆኑን ነው የሚነግራችሁ፤ ምሬቱ ሁሉ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። "የሞካ ቡና ጨጓራዬን አቃጠለኝ፣ መራራ ነው" ለሚሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው መቼ እንደሚያወርዷት ነው።

እዚህ መቐለ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚያስቸግረንም ለዚሁ ነው። ሞካ ግን ተገጥማ ስለምትዘጋ ውስጧ ያለው ውሃ ከጀበናው የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ እሳቱን አታብዙባት፣ ከተቀዳችም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታገሷት። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ቡና ራሱ ካንሰር ያመጣል የሚል በቂ ማስረጃ የለም ብሏል፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ማንኛውም ትኩስ መጠጥ ግን የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መድቦታል። ምላስ የሚልጥ ቡና መጠጣት ጀግንነት አይደለም።

ስለዚያች መተንፈሻ

ተማሪ ሳለሁ የሆነውን ልንገራችሁ። እረፍት ቤት መጥቼ፣ አደይን (እናቴን) "ዛሬ እኔ ነኝ ቡና የማፈላው" ብዬ ተነሳሁ። ለጀበና የተወቀጠውን ልም ቡና ጠቅጥቄ ሞላሁ፣ ውሃውንም እስከ አፉ። ቡናው አልወርድ አለ። እሳት ጨመርኩ። ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ እንፋሎቱ በጎን ተረጨ፣ የኩሽናው ግድግዳ በቡና ተለቀለቀ። አደይ የሳቀችው ማንም እንዳልተጎዳ ካየች በኋላ ነው፤ ታናሽ እህቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር።

ያች ትንሽ ነሐስ የደኅንነት መተንፈሻ ናት። ላዩ ሲደፈን ግፊቱ በእሷ ይወጣል። ውሃ ከሸፈናት በእንፋሎት ፈንታ የፈላ ውሃ ትተፋለች፤ ከተደፈነች ደግሞ ግፊቱ መሄጃ ያጣል። የመቐለ ውሃ እንደምታውቁት ጨዋማ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋግር ሁላችንም እናየዋለን። ያው ቅርፊት መተንፈሻዋ ላይም ይጋገራል። በወር አንዴ የታችኛውን ክፍል ግማሽ ውሃ ግማሽ አቼቶ አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩትና በደንብ አለቅልቁት። መተንፈሻዋን በጣት ጫን ስትሏት ወይም ስትነኳት ውስጧ ያለው ነገር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደህና ናት፤ ደርቃ ከቀረች ያችን ሞካ አትጣዱ። መሃል ያለው የጎማ ቀለበትም ሲደርቅና ሲሰነጠቅ መቀየር አለበት።

ጥዳችሁ ቡናው ካልወረደ ለመክፈት አትሞክሩ። እሳቱን አጥፉ፣ ሙሉ በሙሉ እስክትቀዘቅዝ ተዉአት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በቃጠሎ የሚመጡ ሕፃናትን ስለማይ ነው። ጀበናም ሞካም፣ ብዙዎቹ ቡና ሲፈላ ገመዱን የጎተቱ ወይም ረከቦቱ ላይ የወደቁ ናቸው። ልጅ ከተቃጠለ ወዲያውኑ ልብሱንና ጌጡን አውልቁ (የተጣበቀውን አትላጡ)፣ ቃጠሎውን በሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ሙሉ ያዙት። ቧንቧው ከሌለ በጆግ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። በረዶ አይሁን። ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሊጥ ተለቅልቆ የመጣ ቁስል ማጽዳት ለእኛም ለልጁም ሥቃይ ነው፤ ለኢንፌክሽንም በር ይከፍታል። ደም ለማቆም ቁስል ላይ የቡና ዱቄት መነስነስም እንደዚያው ነው፣ ተዉት።

መብራት ጠፍቶ ከሰል ላይ የምትጥዱ ካላችሁ ደግሞ በርና መስኮት ከፍታችሁ ይሁን። ፍም ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ጭሱ ስለጠፋ ጋዙ የጠፋ ይመስላችኋል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ቡናው አልተስማማንም ብላችሁ አትተኙ፤ ውጡ። ማታ ለሙቀት ብሎ የቡናውን ፍም ይዞ መተኛትማ ሰው ገድሏል፣ እየገደለም ነው።

መቼ ይጠጣ?

ወደ ታካሚዬ ልመለስ። ደሟ ሲመረመር ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከእርግዝና ክትትል የተሰጣትን የብረት ኪኒን በአግባቡ ነበር የምትወስደው፤ አንድም ቀን አላሳለፈችም። ችግሩ እንዳትረሳው ብላ ጠዋት ከሞካዋ ጋር ነው የምትውጠው።

ቡና ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ብረትን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፣ ወደ ደም እንዳይገባም ያደርጉታል። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ከምግብ ጋር አንድ ኩባያ ቡና ሲጠጣ ከምግቡ የሚገባው ብረት 39 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ሻይ ሲሆን 64 ከመቶ። በጣም የሚገርመው ግን ሰዓቱ ነው። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ልክ አብሮ እንደተጠጣ ነው የቀነሰው።

እኛ ደግሞ ቡና የምናፈላው መቼ ነው? ምሳ በልተን ማዕዱ ሳይነሳ። ሥጋ በየቀኑ የሚበላ ሰው ብዙም አይጎዳው ይሆናል። አብዛኞቻችን ግን ብረት የምናገኘው ከጤፍ፣ ከሽሮ፣ ከምስር ነው፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ደግሞ በቡናና በሻይ በቀላሉ የሚያዘው ዓይነት ነው። ስለዚህ ደም ማነስ ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ወር አበባ የሚበዛባችሁ፣ ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሙት ወይም ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት አካባቢ አቆዩት። የብረት ኪኒን በውሃ ይዋጥ፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ካገኛችሁ ከሱ ጋር፣ ይበልጥ ይረዳል። ጠዋት የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ማታ ልትተኙ ስትሉ ውሰዱት። የታይሮይድ መድኃኒት (ሌቮታይሮክሲን) የምትወስዱም በባዶ ሆድ በውሃ ውጣችሁ ከቡናው በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ጠብቁ።

የማታውን በተመለከተ ሂሳቡ ቀላል ነው። ከሥራ ወጥታችሁ 11 ሰዓት ላይ 160 ሚሊ ግራም ብትጠጡ፣ ማታ 4 ሰዓት ስትተኙ 80ው ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ አልጋ ላይ እንደመውጣት ማለት ነው። "እኔ እኮ ጠጥቼም ይወስደኛል" ትላላችሁ፤ ይወስዳችኋል፣ ግን እንቅልፉ ይሳሳል፣ ጠዋት ደክሟችሁ ትነሳላችሁ፣ ለድካሙ ደግሞ ሌላ ሞካ ትጥዳላችሁ። ለእኔ የምመክረው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አለመጠጣት ነው። የአዳር ተረኛ ስሆን እኔም አላከብረውም፣ እውነቱን ለመናገር።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። በሁዳዴ የመጀመሪያ ቀናት ራሴን ሊፈልጠው ነው ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ቡና በየቀኑ የለመደ ሰው ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምረዋል፤ ቀናት ሊቆይም ይችላል። በሽታ አይደለም፣ የካፌይን ልማድ ነው። ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብትቀንሱ ያን ሁሉ ፓራሲታሞል አትውጡም ነበር።

የቀሩ ጥያቄዎች

ኮሌስትሮል ያለባችሁ፦ ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ይህ መጀመሪያ ጎልቶ የታየው ኖርዌይ ውስጥ፣ ትሮምሶ ከተማ በተሠራና በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ነው፤ እነሱም እንደ እኛ ቡናውን አፍልተው ሳይጠሉ ይጠጡ ነበር። በወረቀት ማጥለያ ያለፈ ቡና ካፌስቶሉ ከሞላ ጎደል ይቀርለታል። ሞካ መሃል ላይ ናት፣ ተፍልቶ ከሚቀዳው ያንሳል፣ ከወረቀቱ ይበልጣል። በቀን አንድ ሁለት ስኒ የሚያስጨንቅ አይደለም።

አሉሚኒየሙስ? ወደ ቡናው የሚገባው መጠን በጣም ትንሽ ነው፣ ጤነኛ ኩላሊትም ያስወግደዋል። የመርሳት በሽታ ያመጣል የሚለው አልተረጋገጠም። ቡናውን ውስጧ አታሳድሩ፣ በብረት ሽቦ አትፈትጓት። የኩላሊት ድክመት ያለባችሁ ግን፣ በተለይ እጥበት ላይ ያላችሁ፣ ስቴይንለስ ስቲሏን ግዙ።

ጨጓራ፦ ቡና ብቻውን የጨጓራ ቁስለት አያመጣም። ዋናዎቹ ምክንያቶች ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሕመሙ ያለበትን ሰው ግን ሊያባብስበት ይችላል፤ ከተሰማችሁ ቀንሱ፣ ምርመራውን ግን በቡና አታሳቡ።

ስኳር፦ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነው። በሁለት ሁለት ማንኪያ ሦስት ስኒ ከጠጣችሁ 24 ግራም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢሆን ይመረጣል የሚለው የቀን ጣሪያ 25 አካባቢ ነው። ሌላ ምንም ጣፋጭ ሳትነኩ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ልብ ሲመታ ሁሉ "ቡና ነው" ብላችሁ አትለፉት። የታካሚዬም ልብ ይመታ የነበረው በካፌይኑ ብቻ አልነበረም፣ ደም ማነሱም ነበረበት። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ትንፋሽ ማጠር ካለ በዚያው ቀን ታዩ።

ታካሚዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። እንቅልፏ ተስተካክሏል፣ የልብ ምቱም ረግቧል፤ ደሟ ገና ነው፣ እሱ ወራት ይፈልጋል። ሞካዋን አልተወችም። ጠዋት ኪኒኗን በማይነካ ሰዓት ታፈላና ግማሹን ለጎረቤቷ ትሰጣለች። ጎረቤቷ የደም ግፊት ያለባቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ እና ባለፈው ክትትል ላይ ግፊታቸው ለምን ከፍ አለ ስንል ቡናውን ጠጥተው ቀጥታ እንደመጡ ነገሩን። ግፊት ከመለካታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። እሳቸውን አስቀምጠን ቆይተን ደግመን ለካን፣ ወርዶ አገኘነው።